ለባለመነጽሩ ዐይን ማን ይፈርማል

በዚያ መንገድ ላይ የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት እሷ ብቻ አይደለችም፤ በኪስ ፍተሻ ስሟ የወጣው ግን እሷ ብቻ ናት። ደንበኛው ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሊወጣ ሲል «ቁም እስቲ» ትለዋለች። ከዚያ እፊቱ ኪሶቹን ትገለብጣለች፤ የውጩን፣ የውስጡን፣ ያቺን ለምን እንደምትሰፋ የማይታወቀውን ትንሿን ኪስ እንኳ አትምርም። ያገኘችውን ጠረጴዛው ላይ ትደረድርና «ይኸው፣ ንብረትህን ውሰድ፤ ነገ መጥተህ ጠፋብኝ እንዳትለኝ» ትላለች። ሚስቱን አስከትሎ መጥቶ ላብ በላብ ሆኖ የተመለሰውን ቤት ይቁጠረው። በዚህ የተነሳ እናቷ ያወጣችላት ስም ተረስቶ «እትዬ ኪስ» ሆና ቀረች። ፊት ለፊቷ ይጠሯታል፣ እሷም አቤት ትላለች።

ኪስ ብዙ አስተምሯታል። ሥራ አምሽቼ ነው ባዩ ኪስ ውስጥ ሁለት የሲኒማ ትኬት፣ ሲጋራ ተውኩ ባዩ ኪስ ውስጥ የትንባሆ ብናኝ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ምክር የሚሰጠው ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ደግሞ የካርታ ቁማር። እንዲህ እንዲህ እያለች የሰውን ቃል በግማሽ ዋጋ መግዛት ለመደች፤ እሱንም ተከራክራ ነው።

ሌላ የሚነገርላት ነገር እጇ ነው። የተጨማደደ ጨርቅ አይቶ አያልፍም። ጎረቤት ልትጠይቅ ሄዳ ወሬ እየሰማች የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በመዳፏ ስትዳምጥ ትገኛለች። ምግብ ቤት ብትገባ የእጅ መጥረጊያውን አጥፋ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ፣ በጥፍሯ ሰንበር አውጥታለት ነው የምትነሳው። ይህን የምታደርገው ሳታስበው ነውና ቢነግሯት አታምንም።

ጥርጣሬዋ ግን በኪስ አልጀመረም። ልጅ ሳለች የአባቷ ወንድም አንድ ወረቀት ይዞ መጥቶ እናቷን «ለምስክርነት ነው፣ እዚህች ላይ ጣትሽን አሳርፊልኝ» አላት። እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ የባሏ ወንድም ነውና አመነችው። ቀለሙ ከአውራ ጣቷ ሳይለቅ እነሱ ቤቱን ለቀቁ። እናቷ ሻንጣ አንጠልጥላ ስትወጣ ጣቷን በቀሚሷ እየፈተገች ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ቤቷን ለመግዛት ካልሆነ በቀር፣ ፊርማ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ያንንም ቢሆን ሦስት ሰው አስነብባ ነው። ሳሙና የሚያመጣላት ነጋዴ «ተረክቤአለሁ ብለሽ ፈርሚ» ሲላት «አንተም ቁጠር፣ እኔም ልቁጠር፣ ከዚያ ደህና ዋል» ብላ ትሸኘዋለች።

እንዲህ ያለችውን ሴት ባለመነጽሩ እንዴት ሊጠጋት እንደደፈረ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ይገርመዋል። ባለመነጽሩ ከዐይን ክሊኒኩ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የመነጽር መስተዋት የሚሞርድ፣ ዝግ ያለ፣ ነገሩን ሁሉ ወደ ሳቅ የሚመልስ ሰው ነበር። ነጭ ጋወኑን ሊያሳጥብ መጣ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ኪሱን ገለበጠችበት፤ የመስተዋት ዱቄት ብቻ ወጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት የመስተዋት ዱቄት፣ ከዚያም በኋላ እሱው። ይህን ያህል ባዶ ኪስ አይታ አታውቅም። መጀመሪያ ጠረጠረችው፣ ቀጥላም ወደደችው፤ ጥርጣሬውን ግን አልተወችም።

አንድ ቤት ሊኖሩ የተስማሙ ዕለት ዕቃውን ያመጣለት ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንድምየው የከተማ አውቶብስ ነጂ ነው፤ ድምፁ ከሞተር ጋር ሲፎካከር ስለኖረ ማንሾካሾክ አያውቅበትም። በር ላይ ሻንጣውን እያወረደ «ያልፈረምክበት ቤት እንግዳ ነህ፤ ሻንጣህን ብዙ አትፍታ» አለው። ለወንድሙ ተቆርቁሮ ነው። እትዬ ኪስ ግን ከበሩ ጀርባ ሆና የሰማችው «ቤቱን አስፈርማት» ሲል ነው። የአባቷ ወንድም ከመቃብር ተነስቶ አውቶብስ ነጂ ሆኖ የመጣ መሰላት። «ያ ሰውዬ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ» አለች። አልረገጠም።

ባለመነጽሩ በየጊዜው «ማዘጋጃ ቤት ደርሰን ጋብቻችንን አስመዝግበን እንምጣ» ይላታል። «ምን ጎደለህ?» ትለዋለች። «ምንም።» «ታዲያ ምን አስቸኮለህ?» እሱ ይስቃል፤ እሷ ሌሊቱን ተገላብጣ ታድራለች። ቤቷን ሲዞር፣ ሲዞር፣ ዛሬ ደግሞ በዚህ በኩል መጣ እያለች።

ሌላም ነገር ነበረው። ራት ላይ ስለ ክሊኒኩ ሲያወራ የዐይን ብሌን ስለሚጠብቁ ሰዎች ያነሳል። ብሌናቸው በጠባሳ ተሸፍኖ መነጽር የማይረዳቸው፣ ከሞተ ሰው ብሌን ካልተተካላቸው በቀር ብርሃን የማያዩ ሰዎች። በሱቁ መስኮት ሲያልፉ ያያቸዋል። «እኔ ስሞት የእኔን ይውሰዱት» ይላል። «ዕድሜ ልኬን የሰው ዐይን ሳቀና ኖሬ የራሴን አፈር ላበላው ነው?» የዐይን ባንክ ሰዎች የቃል መግቢያ ካርድ ሰጥተውት ነበር፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይፈርማል። እትዬ ኪስ ካርዱን አገላብጣ አይታ መለሰችለት። «እኔ አልፈርምም።»

«እንግዲያው ካርዱ ይቅር» አለ ባለመነጽሩ። «የሞትኩ ዕለትም ቢሆን የሚጠይቁት ቤተሰብን ነው። አንቺ ብቻ ቤተሰብ ሁኚልኝ።»

ሰማችው፤ ግን ነገሩ ተመልሶ ማዘጋጃ ቤት ሊገባባት ስለመሰላት ሳህኑን አንስታ ወጣች።

የዓርቡ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ባለመነጽሩ ዓርብ ዓርብ ያመሻል። የት ነበርክ አትለውም፤ ጠይቆ መልስ መቀበል ለሞኝ ነው ብላ ታምናለች። እሱ ሲተኛ ኮቱን ከማንጠልጠያው ታወርዳለች። በቀኝ ኪሱ መሐረብ አለ፣ በመሐረቡ ውስጥ ደግሞ አንድ የሚንት ከረሜላ። ዓርብ በመጣ ቁጥር አንድ ከረሜላ፣ ዓመት ከዓመት። ቅዳሜ ማታ ስታይ ከረሜላው የለም።

ትልቅ ሰው ነው፣ ከረሜላ ምን ያደርግለታል? ዓርብ ያመሻል፣ ከረሜላ ይገዛል፣ ቅዳሜ ከረሜላው ይጠፋል። የሆነ ቦታ ልጅ አለው ማለት ነው። ልጅ ካለ ደግሞ የልጁ እናት አለች። እሷ ልጅ አልወለደችለትም። ከረሜላውን ወርውራ ብትጥለው በወደደች፤ ግን መፈተሿን ያውቅባታል። ስለዚህ ሁሉንም እንደነበረ፣ ቢያንስ እንደነበረ መስሏት፣ መልሳ ኪሱ ውስጥ ትከታለች። እያደር በሐሳቧ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብታው፣ አፍንጫውን የአባቱን አድርጋለት ነበር።

ያቺ ቅዳሜም እንደ ሌላው ቅዳሜ ነጋች። ማታውን ፈትሻ፣ ከረሜላውን አግኝታ፣ መልሳ አስቀምጣለች። ባለመነጽሩ ኮቱን ለብሶ፣ አገጩን በበሩ መስተዋት አይቶ፣ «ዛሬ ግማሽ ቀን ነው» ብሏት ወጣ። ከሻይ ሰዓት በፊት የሱቁ ጌታ ደወለ። ሞረዱ ላይ ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብሎ ወድቋል። እትዬ ኪስ ካውያውን ነቅላ፣ ማጠቢያ ቤቱን ቆልፋ፣ ቁልፉን ገፋ አድርጋ አይታ፣ እንደገና ገፋ አድርጋ አይታ ሮጠች። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱን አይታ አወቀች። አላለቀሰችም። ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው የብረት ወንበር ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

ደረቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት መጥታ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ያጽናዎት» አለች። «ከዐይን ባንክ ነው የመጣሁት። ሰዓቱ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን የሚቻለው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብቻ ነው። ቤተሰቡ የዐይን ብሌናቸውን ለመለገስ ይፈቅድ እንደሆነ ልጠይቅ ነው።»

እትዬ ኪስ ልጅቷን ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አየቻት። «መሞቱን የሰማሽው ከእኔ በፊት ነው ወይስ ከእኔ በኋላ?»

ልጅቷ አልደበቀቻትም። «ከእርስዎ በፊት ነው። ሰው ሲያርፍ ሆስፒታሉ ይደውልልናል።»

«አየሽ» አለች እትዬ ኪስ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም። በርትተው አላከሙት ይሆናል፤ ዐይኑን ፈልገው ይሆናል፤ ማን ያውቃል? «ስንት ትሸጡታላችሁ?»

«አይሸጥም፣ እናቴ። ሕጉ መሸጥንም መግዛትንም ይከለክላል።»

«ሕጉ ስንቱን ይከለክላል። አልፈቅድም። ማንም አይነካውም።»

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ አልተከራከረችም። «እምቢታዎን ለመመዝገብ ያህል፣ ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»

«ሚስቱ።»

«በማዘጋጃ ቤት የተመዘገበ ጋብቻ ነው?»

እትዬ ኪስ የቀሚሷን ጫፍ ለቀቀችው። «አብረን ኖረናል» አለች።

«ልጅ አላችሁ?»

«የለንም» አለች። የለንም እንጂ የለውም አላለችም።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን አስረዳቻት። ሟቹ በጽሑፍ ቃል ካልሰጡ የመወሰን ሥልጣኑ በሕግ ለተጋባ ባል ወይም ሚስት ነው። እሱ ከሌለ ዐዋቂ ልጅ፣ ከዚያ ወላጅ፣ ከዚያ ወንድም ወይም እህት። «ስለዚህ እርስዎ እሺ ቢሉም አይያዝም፤ እምቢ ቢሉም አይያዝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድም እንዳላቸው ከሥራ ቦታቸው ሰምተን ደውለንላቸዋል።»

እትዬ ኪስ እሺታዋ ዋጋ እንደሌለው ብትሰማ ግድ አልነበራትም። እምቢታዋ ዋጋ እንደሌለው ስትሰማ ግን የለቀቀችውን የቀሚሷን ጫፍ መልሳ ጨበጠች። ሌላ ነገር ሁሉ ቢከዳት እምቢታዋ ከድቷት አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያ የራት ቃል የመጣላት። አንቺ ብቻ ቤተሰብ ሁኚልኝ። ሰውየው ቤቷን አልነበረም ሲዞር የኖረው። በዚያ በሱቁ መስኮት ስንቷን ሴት «ምኑ ነሽ?» ተብላ ከክሊኒኩ በር ስትመለስ አይቶ ይሆናል፤ እሷ እንዳትመለስ ነበር የሚለምናት። ሳህኑን አንስታ ከመውጣት ይልቅ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ ብትሰማው ኖሮ አሁን የሚፈርመው የእሷ እጅ ነበር።

አሁን ብሌኑ በሰዓታት ውስጥ ካልተነሳ የባለመነጽሩ ቃል አብሮት መቀበሩ ነው። ቃሉን የሰማች እሷ ብቻ ናት፤ የሚፈርመው ደግሞ ደጇን እንዳይረግጥ የከለከለችው ሰው። በእሱ ቦታ ብትሆን ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። አንዲት ቃል አታምንም ነበር።

ወንድምየው የነጂ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። መጀመሪያ ወንድሙ ወዳለበት ክፍል ገባ፤ ሲወጣ ዐይኑ ደም ለብሷል። ልጅቷ ነገሩን ከነገረችው በኋላ እትዬ ኪስ ፊት ቆመ።

«ይህን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«እሱ ነው» አለች። «እኔማ ቅድም እምቢ ብዬ ነበር። እሱ ግን ይህን ይፈልግ ነበር።»

«ሲናገር የሰማ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። የሚናገረው ራት ላይ ነው፤ ራት የምንበላው ሁለታችን ነን።»

«የተጻፈ ነገርስ?»

«እኔ አልፈርምም ስላልኩ ካርዱ ቀረ።»

«ኧሃ» አለ ወንድምየው። «አንቺ ያልፈረምሽውን እኔ እንድፈርምልሽ።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ለዚህች ሴት ክፍያ አለ?»

«ለማንም ክፍያ የለም» አለች ልጅቷ።

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ዝም አለ። እትዬ ኪስ ዝምታውን አውቃዋለች፤ የራሷ ዝምታ ነው። ሰውን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ የሚቆጥር ሰው ዝምታ። ከዚያ ባልጠበቀችው በኩል መጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓርብ ዓርብ ኪሱ ውስጥ ምን ታገኚ ነበር?»

ይኸ ወጥመድ ነው አለች በልቧ። አላውቅም ብትል ጥሩ ነው፤ የባሏን ኪስ የምትበረብር ሴት ማን ያምናታል? ግን ከመሬት ተነስቶ ይህን አይጠይቅም፤ የሚያውቀው አለ። ልጅቷም ቁጭ ብላ ትሰማለች። ስንቱን ሰው እንዲህ ጠረጴዛዋ ላይ አፋጥጣለች፤ አሁን የራሷ ኪስ ተገለበጠ።

«ከረሜላ» አለች።

«ምን ታደርጊው ነበር?»

«መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

«ለምን?»

የእኔ ስላልሆነ የሚል ያማረ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ባለመነጽሩ የተኛበትን ክፍል በር አየችና ተወችው።

«ልጅ ያለው መስሎኝ ነው» አለች። «ሌላ ቦታ። ዓርብ ያመሻል፣ ከረሜላ ይዞ ይመጣል፣ ቅዳሜ ከረሜላው የለም። ለልጁ የሚገዛው መስሎኝ ነበር። ብወስደው መፈተሼን ያውቃል ብዬ ነው የምመልሰው።»

ወንድምየው አፍጥጦ አያት። መጀመሪያ የሳቀ መሰለ፤ ከዚያ መዳፉን ዐይኑ ላይ አድርጎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እስኪበቃው ቆየ።

«ልጁማ እኔ ነኝ» አለ። «ዓርብ የሚያመሸው እኔ ጋ ነው። ቤታችሁ እንዳልመጣ ስለከለከልሽኝ እሱ አውቶብሴ ላይ ይወጣል። ከኋላዬ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እያወራኝ ይሄዳል። እኔ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ከረሜላ ከኪሴ አይጠፋም፤ አንድ እሰጠዋለሁ። አይበላውም። ‹ለእሷ ነው፣ ማታ ስትፈትሽ ታገኘዋለች› ይላል። ሳትነኪው ስትቀሪ ቅዳሜ በሻይ ሰዓት ራሱ ይበላዋል።»

«መፈተሼን ያውቅ ነበር?»

«መሐረቡን ጠቅልሎ ይከተዋል፤ ጠዋት በአራት ታጥፎ፣ ሰንበር ወጥቶለት ያገኘዋል። ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል?»

እትዬ ኪስ እጆቿን አየች። ሰው እንዳጋለጣት ሁሉ ተቀየመቻቸው። የዐይን ባንኳ ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«‹ብትጠይቀኝ እነግራታለሁ› ይል ነበር። ከአውቶብሱ በወረደ ቁጥር ‹ዛሬስ ሳትጠይቀኝ አትቀርም› ብሎኝ ነው የሚወርደው። ትናንትም ብሎኛል።»

ያኔ አለቀሰች። ወንድምየው እስኪወጣላት ጠበቃት፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ እጁን ዘረጋ።

«ወረቀቱን አምጪው። ይህን ጉድ በሰው ፊት ካወጣች ስለ ዐይኑ አትዋሸኝም።»

በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ አልቸኮለም። ፈረመ። ከታች አንድ ባዶ ቦታ ነበረችና ወረቀቱን ወደ እትዬ ኪስ ገፋው።

«ምስክር ይላል» አለ። «የሰማሽው አንቺ ነሽ።»

ለምስክርነት ነው። ይኸው ቃል፣ ያውም ከባል ወንድም አፍ። አውራ ጣቷ ሳታዘው ቀሚሷ ላይ ፈተግ ፈተግ አለ። ወረቀቱን አላነበበችውም፤ እሱ ሲያነበው አይታለች። ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። እጇ ስላልለመደ ፊርማዋ ከመስመሩ ወርዶ ተንጋደደ።

ልጅቷ አመስግና ስትነሳ «ቆይ» አለቻት። «ብሌኑን ብቻ ነው?»

«እሱን ብቻ ነው፣ እናቴ። ፊታቸው እንደነበረ ይሆናል።»

«በር ላይ እቆማለሁ» አለች እትዬ ኪስ።

«ይቁሙ» አለች ልጅቷ።

ቆመች። ወንድምየውም አብሯት ቆመ። ነርሷ የሟቹን ልብስ በላስቲክ ከረጢት አምጥታ፣ ሕጉ እንደሚለው፣ ለወንድምየው ሰጠችው፤ እሱ ከእጅ ወደ እጅ ለእሷ አሳለፈው። ኮቱ ላይ የመስተዋት ዱቄት አለ። እጇ እንደልማዱ ቀኝ ኪሱ ውስጥ ገባ።

ማታ እሷ በአራት ያጠፈችው መሐረብ ተፈትቶ እንደገና ተጠቅልሏል። ጠዋት ሲወጣ ነው የጠቀለለው። ከረሜላው ውስጡ ነበር።

«ከእንግዲህ እርስዎም ቤት ይመጣሉ» አለችው ወንድምየውን፣ ሳታየው።

ልጣጩን ፈትታ ከረሜላውን አፏ ውስጥ ጨመረችው። መሐረቡን እንደተጨማደደ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው።